የነርስ ሰዓት፦ ስለ ሰከንድ ቆጣሪና ስለ ሁለቱ የሰዓት አቆጣጠሮች

(ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የእጅ ሰዓት ነው። በምረቃ ሰሞን ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ባሉት መደብሮች ለነርስ ተመራቂ ስጦታ የሚሆን ሰዓት የሚፈልግ ቤተ ዘመድ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚመረጠውም ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ ገጹ ከኮት ቁልፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ሰከንድ ቆጣሪ የሌለው ነው። ለበዓል ያምራል። ለሥራ ግን አይሆንም፤ ነርስ ሰዓት የምታስረው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ ብቻ አይደለምና። ለነርስ ሰዓት እንደ ቴርሞሜትርና እንደ ደም ግፊት መለኪያ ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው። እንደ መሣሪያ ልንመርጠውም ይገባል።

የልብ ትርታን በጊዜ ለክቶ መመዝገብ ራሱ ታሪክ አለው። የደቂቃንና የሰከንድን ልክ የሚያሳይ ሰዓት ከመለመዱ በፊት ሐኪሞች ትርታው ፈጣን ነው፣ ዝግተኛ ነው፣ ይቆራረጣል ከማለት ብዙም አያልፉም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር እ.ኤ.አ. በ1707 ስለ ትርታ መቁጠሪያ ሰዓት መጽሐፍ አሳተመ፤ ያሠራውም ሰዓት ለአንድ ደቂቃ ብቻ የሚሄድ ነበር። ዛሬ በየተማሪው ክንድ ላይ ያለው ሰዓት ከፍሎየር ሰዓት እጅግ የላቀ ነው። ሥራው ግን ያው ነው፤ አንድን ደቂቃ በትክክል መለካት።

እንግዲህ ያ አንድ ደቂቃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በቁጥር እንመልከት። ብዙዎቻችሁ የልብ ምት ስትቆጥሩ ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 ታባዛላችሁ። የጤነኛ ወጣት ትርታ እኩል እኩል ስለሚመታ ይህ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ይሁንና በዚህ አቆጣጠር አንዲት የሳተች ምት አራት ሆና ትመዘገባለች። ትርታው የሚቆራረጥ ሕመምተኛ ሲሆን ሙሉውን 60 ሰከንድ ከመቁጠር ሌላ አማራጭ የለም።

በሕፃናት አተነፋፈስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በጤና ጣቢያዎቻችን የምንሠራበት የሕፃናት ሕመሞች የተቀናጀ ሕክምና መመሪያ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበትን ሕፃን አተነፋፈስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ ይላል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። አሁን የ8 ወር ሕፃን አስቡ። ለ15 ሰከንድ የቆጠረች ነርስ 12 ብታገኝ 48 ብላ ትጽፋለች፤ ፈጣን አይደለም። 13 ብታገኝ 52 ትጽፋለች፤ ፈጣን ነው። በሳንባ ምች መድኃኒት መጀመርና በሳል ብቻ ወደ ቤት መመለስ በአንዲት ትንፋሽ ተለያዩ ማለት ነው። ያቺም ትንፋሽ የተቆጠረችው ወይም የቀረችው ሰከንድ ቆጣሪዋ ከመስመሩ ጥቂት አልፋ ወይም ጥቂት ቀርታ ስለታየች ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የግሉኮስ ጠብታ ነው። (ሕዝቡ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ ግሉኮስ ይለዋልና እኔም እንደ ሕዝቡ ልናገር።) ፍሰቱን የሚቆጣጠር ማሽን በሌለበት አልጋ አጠገብ ማሽኑ ነርሷና ሰዓቷ ናቸው። ስሌቱን ታውቁታላችሁ፤ የፈሳሹ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ባለው የጠብታ ቁጥር ተባዝቶ ለደቂቃዎቹ ይካፈላል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዝዞ ቱቦው በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። ይኸው ፈሳሽ በግምት ተለቅቆ በደቂቃ 60 ቢንጠባጠብ በአምስት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ለወጣት ምናልባት ምንም አይደለም፤ ልቡ ለደከመ አዛውንት ግን ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ሊያድር ይችላል። በማዋለጃ ክፍልም እንዲሁ ነው፤ የምጥ ቁርጠት ከ20 ሰከንድ በታች ነው፣ ከ20 እስከ 40 ነው ወይስ ከ40 በላይ ነው የሚለው በምጥ መከታተያ ቅጹ ላይ በየፊናው ምልክት አለው። የተወለደው ሕፃን ሁኔታም በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ይመዘናል።

ከዚህ ተነሥተን ሰዓቱን ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው ወይም ስሙ አይደለም። ሰከንድ ቆጣሪው ረጅም ሆኖ ከመሐል ተነሥቶ የገጹን ዙሪያ ይነካልን? ዙሪያውስ በ60 ጥርት ያሉ መስመሮች ተከፍሏልን? ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ቁጥር፣ ቆጣሪውም በቀይ ወይም በሌላ ደማቅ ቀለም፤ ለዓይን ከዚህ የሚሻል የለም። የግዕዝ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሰዓቶች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ፲፩ንና ፲፪ን በእኩለ ሌሊት፣ በደበዘዘ መብራት፣ በአንድ አፍታ መለየት ለሁሉም ሰው አይቀልም። ለሰንበት ይቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በገጻቸው ላይ ሦስት ትንንሽ ክቦች ያሉባቸው ትልልቅ ሰዓቶች በገበያው በብዛት አሉ፤ ለሥራ የተሠሩ ይመስላሉ። በብዙዎቹ ግን ከመሐል የተነሣው ረጅም ቆጣሪ የሩጫ መለኪያ ስለሆነ ቁልፉ ካልተጫነ 12 ላይ ቆሞ ይውላል። ሁልጊዜ የሚሄደው ሰከንድ ቆጣሪ ከትንንሾቹ ክቦች በአንዱ ውስጥ እንደ ጉንዳን እግር ቀጥኖ ተሸሽጓል። በርካሽ አስመስለው በተሠሩት ላይ ደግሞ ትንንሾቹ ክቦች ሥዕል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሰዓቱን ያዙና አንድ ሙሉ ደቂቃ ተመልከቱት። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

ውድ ሰዓት ይበልጥ ትክክል ይቆጥራል የሚለውም አስተሳሰብ ለእኛ ሥራ አይረዳም። በቀን 30 ሰከንድ የሚሳሳት አሮጌ ባለ ሞላ ሰዓት እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሳሳተው ከሰከንድ መቶኛ ሁለት እጅ ያህል ነው። ተራው ባለ ባትሪ ሰዓት ስሕተቱ በወር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቢሆን ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው የሰዓቱ ሞተር ሳይሆን የሚያየው ዓይን ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ በአንዳንድ ባለ ባትሪ ሰዓቶች ሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ መራመዱን ትቶ በሁለት ወይም በአራት ሰከንድ አንዴ መዝለል ሲጀምር ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። ሰዓቱ ገና ትክክል ነው፤ ትርታ ልትቆጥሩበት ግን አትችሉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በሌላ አገር ስለ ነርስ ሰዓት የሚጻፈው ምክር እዚህ ድረስ ካልሁት ብዙም አያልፍም። እኛ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለን፤ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር።

ቦሌ የሁለቱ መገናኛ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው ሰሌዳ ላይ 14:00 ተብሎ የተጻፈው ከበሩ ውጭ ባለው ታክሲ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይባላል። ከዚያ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ወዳሉት ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ግቡ፤ ኮምፒዩተሩ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይመዘግባል፤ የሕመምተኛዋ እናት በአገሩ ሰዓት ትናገራለች፤ ሐኪሙ አንዱን፣ ነርሷ ሌላውን ታስራለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ማን እንደ ሞላው ማን ያውቃል።

ጉዳቱ የሚመጣው ባዶ ቁጥር ሲጻፍ ነው። መድኃኒት መስጫ ቅጹ ላይ «8:00» ብቻ ተጽፏል እንበል። በውጭው አቆጣጠር ጠዋት ከሆነ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከቁርስ ጋር የሚወጋ ኢንሱሊን ሊሆን ይችላል። በአገራችን አቆጣጠር ያነበበችው ነርስ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ትለዋለች። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት የዘገየ ኢንሱሊን፣ ወይም በአንዱ ነርስ ተሰጥቶ በሌላው የተደገመ ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ይህን አደጋ በከፊል ይሸሽገዋል። በውጭው ጠዋት 6፣ ቀን 12፣ ማታ 6፣ ሌሊት 12 ሲባል በእኛ 12፣ 6፣ 12፣ 6 ይሆናል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ብቻ ተገለባበጠ። ስለዚህ ሁለት ነርሶች በሁለት አቆጣጠር እየሠሩ እንኳ መርፌው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ስሕተቱም ሳይታወቅ ይኖራል። በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጠው ሲመጣ ይጋለጣል፤ በውጭው 6፣ 2፣ 10 ያለው በእኛ 12፣ 8፣ 4 ነው። አንዲትም የጋራ ቁጥር የለቻቸው።

ታዲያ ሰዓት መምረጥ ለዚህ ምን ይረዳል? እጅግ ይረዳል። ስድስት ሰዓት የ12ቱ ግማሽ ነውና ባለ ቆጣሪ ሰዓት ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ ከሆነ ትይዩው 2 ነው፤ 10 ላይ ከሆነ ትይዩው 4 ነው። የደቂቃው ቆጣሪ አይለወጥም። የአጭሩን ቆጣሪ ጅራት ተከትላችሁ በትይዩው ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው፤ መደመርም መቀነስም የለበትም። አንዳንድ ሽማግሌዎች የውጭ ሰዓት የተሞላበትን ሰዓት ያለ ምንም ችግር በአገሩ ሲያነቡ አይታችሁ ይሆናል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው። እንግዲህ 12ቱም ቁጥሮች የተጻፉበትን ገጽ ምረጡ። 12ን፣ 3ን፣ 6ንና 9ን ብቻ ጽፎ ሌላውን በነጥብ የተወ ወይም ምንም ያልጻፈ ገጽ ያምራል፤ ይህን አገልግሎት ግን አይሰጥም።

በቁጥር ብቻ የሚያሳየውን ዲጂታል ሰዓት የምትመርጡም አላችሁ። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ኤፍ-91ደብሊው የተባለው ክብደቱ 21 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ባትሪውም ሰባት ዓመት ገደማ ይቆያል። ለዋጋው ከዚህ የሚሻል ሰዓት ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ትይዩ የሚባል ነገር የለውም። በአገራችን አቆጣጠር ልትሞሉት ከፈለጋችሁ ከውጭው ሰዓት ስድስት ቀንሱ፤ ያን ጊዜ የቀድሞው የጠዋት ምልክት ለቀኑ 12 ሰዓት፣ የከሰዓት ምልክቱ ለሌሊቱ 12 ሰዓት ያገለግላል። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ሲነጋ ነው፤ እንደ ሰዉ ልማድ። ይህ ለኑሮ ደስ ይላል። ለሌሊት ተረኛ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ የሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ሲለውጥ የእናንተ ክንድ እስከ ንጋት ትናንት ላይ ይቆያልና። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተሰጠ መድኃኒት የየትኛው ዕለት እንደ ሆነ ክፍሉ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ቀን የሚያሳይ መስኮት ስላላቸው ሰዓቶችም በአጭሩ ልናገር። ተራው መስኮት እስከ 31 ይቆጥራል። የእኛ ወር 30 ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቀን ለሚጠቀም ሰው መስኮቱ በዓመት 13 ጊዜ መታረም አለበት፤ በውጭው ለሚጠቀም 5 ጊዜ። ያልታረመ ቀን ከሌለ ቀን ይብሳል። እኔ ቀን የሌለውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የንጽሕና ነገር ነው። በዚህ ላይ የባለሙያው ዓለም ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው መመሪያ ሕመምተኛን የሚነካ ባለሙያ ከክርን በታች ሰዓትም ሆነ ጌጥ እንዳያደርግ ደንግጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሰሪያው ሥር ያለው ቆዳ አይታጠብም። እጅ በሳሙና ሲታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሰዓቱ ከታሰረ የእጅ አንጓው ይዘለላል። የዚህ ጥንታዊ መፍትሔ ደረት ላይ የሚሰካው፣ ገጹ ተገልብጦ የሚንጠለጠለው የነርስ ሰዓት ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲመረቁ፣ በዚያ አገር የነርሶች ሰዓት ደረት ላይ የሚሰካው ነበር።

ደረት ላይ የሚሰካው ሁለቱንም እጅ ነጻ ያደርጋል፤ ለአዋላጆች በተለይ ይመቻል። ጎንበስ ሲሉ ግን ይወዛወዛል፣ የሕመምተኛውንም ልብስ ይነካል፤ ስለዚህ እርሱም መወልወል አለበት። በገበያችንም እንደ እጅ ሰዓት በቀላሉ አይገኝም። ተቋማችሁ ከክርን በታች ምንም አይታሰር ካለ ፈልጋችሁ ግዙት። ካላለ የእጅ ሰዓታችሁን እጅ በምትታጠቡበት ጊዜ ፍቱት፤ ለቀዶ ሕክምና ስትታጠቡማ ጥያቄም የለበትም።

እንግዲህ የሚፈታና የሚወለወል ከሆነ ማሰሪያው ያንን መቻል አለበት። ቆዳ ላብና ደም ይመጣል፤ ከቶ አይሆንም። የብረት ሰንሰለት በየመገጣጠሚያው እድፍ ይይዛል፤ የአረጋዊንም ስስ ቆዳ ይቧጭራል። ጨርቁ ይታጠባል፤ እስኪደርቅ ግን እርጥብ ነው። ለስላሳ ጎማ ወይም ሲሊኮን ከሁሉም ይሻላል። ለማጽዳት 70 በመቶ አልኮል የነካ ጥጥ ይበቃል። በየክፍላችን ባልዲ ውስጥ የሚዘጋጀው የ0.5 በመቶ ክሎሪን፣ ማለትም 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ የሚሠራው፣ ብረት ይበላል። ሰዓት አይነከርበትም። ደም የነካው የጎማ ማሰሪያ ቢሆን በዚያ ይወለወልና ወዲያው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቃል።

ጀርባው ላይ 30 ሜትር የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እስከዚያ ጥልቀት ውኃ ይችላል እንዳትሉ። ያ ቁጥር የተገኘው በተረጋጋ ግፊት በተደረገ ፍተሻ ነው፤ በኑሮ ሲተረጎም ዝናብና የእጅ መታጠቢያ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ብቻ ነው። በፈረቃ ደጋግሞ ለሚታጠብ ሰው 50 ሜትር፣ ከተቻለም 100 የሚለው ይመረጣል። ባትሪ በመንገድ ዳር ሰዓት ሠሪ ዘንድ ስታስቀይሩ ደግሞ ከክዳኑ ሥር ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ወደ ቦታዋ መመለሷን በዓይናችሁ እዩ። ቀለበቷ ከቀረች በጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ዋጋ የለውም።

ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ያለችውን ጊዜ ታውቋታላችሁ። የዲጂታሉን መብራት ለማብራት ሌላው እጅ ቁልፉን መጫን አለበት፤ ያ እጅ ግን የሕመምተኛውን ትርታ ይዟል። በቆጣሪዎቹ ላይ የሚያበራ ቀለም የተቀባ ሰዓት ይህን ችግር ያቃልላል፤ በአብዛኞቹ ሰዓቶች ግን ቀለሙ የሚቀባው በሰዓቱና በደቂቃው ቆጣሪ ላይ ብቻ ነው። ሰከንድ ቆጣሪውም የተቀባ እንደ ሆነ መደብሩ ውስጥ በመዳፋችሁ ከልላችሁ አረጋግጡ።

ስለ ዘመናዊው ስማርት ሰዓት ብዙ ተጠይቄያለሁ። የሚለካው የባለቤቱን ልብ እንጂ የሕመምተኛውን አይደለም። ክንዱ ጸጥ ሲል ገጹ የሚጨልም ብዙ ነው፤ ትርታ ሲቆጠር ደግሞ ክንድ ጸጥ ማለቱ ግድ ነው። አንድ መልካም ነገር አለው፤ አንድ ደቂቃ ሞልቶ ሲያልቅ በንዝረት ያሳውቃል። የሕፃን ትንፋሽ ስትቆጥሩ ዓይናችሁን ከደረቱ ሳታነሡ መጨረስ ትችላላችሁ። ይህንኑ ግን ወደ ኋላ የሚቆጥርና የሚጮኽ ርካሽ ዲጂታልም ያደርገዋል። ስልክ በኪስ እያለ ሰዓት ለምን የሚለው ክርክር ሩቅ አይሄድም፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ስልክ ሲያወጣ አንድም ጓንቱ ይበከላል፣ አንድም ስልኩ።

የተገዛው ሰዓት የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሁሉ ፈረቃ ሲረካከቡ ከአንድ ሰዓት ጋር ያስተካክሉት፤ የግድግዳውም ይሁን የኮምፒዩተሩ። በቅጹ ላይም ቁጥር ለብቻው አይጻፍ፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት»፣ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ ክፍሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነም አራቱም አኃዝ፣ 08:00 ወይም 01:00 ተብሎ። ወደ ቤታቸው ለሚሸኙት እናት ግን በሚያውቁት ሰዓት ንገሯቸው፤ ክኒናቸውን ከቁርስ በኋላ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታም ሁለት ሰዓት እንዲውጡ። ካርዱ ላይ የጻፋችሁትን ቁጥርም መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።